ወደ ባሕር ዳር ለመውረድ ስናስብ

ሰው መንገድ ሊኼድ ባሰበ ጊዜ እግሩ ሳይነሣ አሳቡ ቀድሞ ደርሶ ይመለሳል። እኛም ከቤተ ሰባችን ጋራ ወደ ጅቡቲ ባሕር ዳር ለመውረድ ከቈረጥን ወዲህ፣ ገና አንድ ትኬት ስንኳ ሳንገዛ፣ ያን አገር በካርታ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዞረነዋል። ይህን ስንጽፍ ሻንጣዎቻችን ገና ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ አልወረዱም። ስለዚህ አንባብያን ከዚህ የሚያገኙት የተጓዥ ታሪክ አይደለም፤ የመሰናዶ አሳብ ነው። ነገር ግን መሰናዶው ራሱ ካሰብነው መንገድ አውጥቶ ወደ ሌላ መንገድ ስለ መራን፣ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ብንነግራችሁ የማይገባ አይመስለንም።

ነገሩን ከመነሻው ለመናገር፣ እኛ ስለ ባሕር ያልጻፍነው ነገር የለም፤ ባሕርን ግን አይተነው አናውቅም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጠረጴዛችን ላይ ያለፈው ወረቀት አብዛኛው ስለ መርከብ ጭነትና ስለ ወደብ ኪራይ ነበር። አገራችን ከውጭ የምታስገባው ዕቃ ከመቶው እጅ ዘጠና የሚያኽለው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ስለ ኾነ፣ ስንቱን ሣጥን በቍጥር ተቀብለን በቍጥር አስረክበናል! ባልደረቦቻችን ለጕዳይ ወርደው ሲመለሱ ስለ ሙቀቱ ሲያማርሩ እንሰማለን፤ ስለ ባሕሩ ግን አንዱም ነግሮን አያውቅም። ምናልባት ለጕዳይ የኼደ ሰው ባሕር አያይ ይኾናል። እንግዲህ ጡረታ በወጣን ሰሞን በመጀመሪያ ያልነው ቃል፣ «ያን ስንጽፍለት የኖርነውን ባሕር ኼደን እንየው» የሚል ነው።

አሳባችን ሲጀመር እንደ ማንኛውም የአገር ጐብኚ አሳብ ነበር፤ ይኸውም ያማረውን ቦታ ኹሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ማዳረስ ነው። በመጀመሪያ የጻፍነው የአሳልን ሐይቅ ነው። ከጅቡቲ ከተማ በመኪና 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዳርቻውም ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ ስለ ኾነ፣ በአፍሪቃ ምድር ከዚያ የሚያንስ ዝቅተኛ ቦታ የለም። የውሃው ጨውነት ከባሕር ውሃ ዐሥር እጅ ያህል ይበልጣል፤ የአፋር ነጋዶችም ከዚያ ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ደጋው ሲያመላልሱ ኖረዋል። ከሐይቁ ወዲህ ጉቤት የሚባለው የባሕር ወሽመጥ አለ፤ ከታጁራ ባሕር ጋራ በጠባብ በር ብቻ የሚገናኝ፣ በጥቍር ተራራ የተከበበ ውሃ ነው። በመካከሉ የሰይጣን ደሴት የሚባል አለበት። በጉቤትና በአሳል መካከል በ1971 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አንድ ሳምንት ያህል ነዷል፤ በዚያች ጥቂት ቀንም ምድሪቱ ከአንድ ሜትር በላይ ተላቀቀች። የምድር ሊቃውንት እንደሚሉት የአፍሪቃና የዐረብ ምድር በዚያ አካባቢ እየተለያዩ ነው። እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው ሳያየው ቢቀር እንዴት ይቈጨው!

ከዚያ ቀጥለን ከባሕሩ ማዶ ያለችውን ታጁራን ጻፍን። ነጫጭ ቤቶችና ብዙ መስጊዶች ያሏት ጥንታዊት ከተማ ናት። አርቱር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ በኾነ ጊዜ፣ በ1878 ዓ.ም. ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ መጥቶ፣ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ መንገድ እስኪከፈትለት የጠበቀው በርሷ ነው። ኋላም ከንግዱ ያገኘው ኪሳራ ነው ብሎ አማሯል፤ ከሸዋ ቤተ መንግሥት ጋራ ዋጋ መከራከርን ቀላል ነገር አድርጎ ገምቶት ኖሯል። ከታጁራ በስተምሥራቅ ነጭ አሸዋ የሚባል የመታጠቢያ ስፍራ አለ። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊትም ሙሻና ማስካሊ የተባሉት ደሴቶች በጀልባ ይደረሱባቸዋል። ደግሞ በአርታ ባሕር ዳር ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዓሣ አንበሪ የሚያኽል ታላቅ ሻርክ ይመጣል፤ መጠኑ የሚያስፈራ ቢኾንም ሰው አይነካም፣ የሚመገበውም በውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ፍጥረቶች ነው።

ይህን ኹሉ በአንድ ወረቀት ላይ አሰናድተን አንድ ማታ ከራት በኋላ ለቤተ ሰቡ አነበብን። ልጆቹ ስለ ሻርኩ ተጯጯኹ። ባለቤታችን ስለ ሙቀቱ ጠየቁ። እናታችን ከምድጃው አጠገብ መቍጠሪያቸውን እንደ ያዙ ያደምጡ ነበርና፣ ስለ ዓሣው በሰሙ ጊዜ «ይህስ የዮናስ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ወረቀቱ ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ልጄ፣ ይህ ባሕር ከምጽዋው ባሕር ጋራ ይገናኛልን?»

በቤቱ የነበረው ጨዋታ ኹሉ ቀጥ አለ።

ታላቅ ወንድማችን በባሕር ኃይል ያገለግል ነበር። ከደጋ አገር ተወልዶ፣ ከወንዝ ሌላ ውሃ ሳያይ አድጎ፣ ምጽዋ ሲደርስ ባሕሩን እንደ ወደደው ከደብዳቤዎቹ ይታወቃል። በጨለማ ሌሊት መቅዘፊያ ሲነካው ውሃው እንደ እሳት ፍንጣሪ እንደሚያበራ ለእናታችን ጽፎላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አስነብበው በቃላቸው አጥንተውታል። በ1982 ዓ.ም. የካቲት 1 ቀን በምጽዋ ላይ ጦርነት ተከፈተ፤ በጥቂት ቀንም ከተማይቱ ከወደቡ ጋራ ተያዘች። ከዚያ ወዲህ ከወንድማችን አንድ ቃል አልመጣም። እናታችን ግን «የሞተ ያየ ሰው ይምጣና ይንገረኝ» ብለው ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ፍትሐትም እንዲደረግለት አልፈቀዱም። በየዓመቱ የካቲት 1 ቀን ቡና ያፈላሉ፣ አንድ ስኒም ተቀድቶ ይቀመጣል። ጐረቤትም ዘመድም ይህን ስለሚያውቅ በዚያ ቀን ስለ ጦርነት የሚያነሣ የለም።

ታዲያ ምጽዋን ራሷን ለምን አናሳያቸውም የሚል አንባቢ ይኖር ይኾናል። እኛም ይህን አስበን ነበር። በ2010 ዓ.ም. በሐምሌ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ሰላም በታወጀ ጊዜ፣ በ2011 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀንም የየብሱ ድንበር ሲከፈት፣ መኪና ተከራይተን ልንወርድ ቀን ቈርጠን ነበር። ዝናቡ ይለፍ፣ ደመራ ይለፍ፣ የልጆቹ ፈተና ይለፍ ስንል ድንበሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ። ቀጥሎ የመጣውን ኹሉ ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የነበረው በረራ ተቋረጠ። ያንን ቀን ያሳለፍን እኛ ነን፤ ማንንም ልናማበት አንችልም።

እናታችን ለጠየቁት ጥያቄ ያን ማታ «አዎን፣ ይገናኛል» ብለን በአጭሩ መለስን። እርሳቸው ግን በአጭር መልስ የሚረኩ ሰው አይደሉም። «መገናኘትስ ወንዝም ከወንዝ ይገናኛል፤ የዚያኛው ውሃ ወደዚህኛው ይመጣልን?» አሉ። ይህን ለመመለስ ኹለት ቀን መጽሐፍ ማገላበጥ አስፈለገን። ሠላሳ ዓመት ከጻፍነው ኹሉ ይልቅ በነዚያ ኹለት ቀኖች ስለ ባሕር ብዙ ተምረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀይ ባሕር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድ ወንዝ የለም። ፀሐዩ ግን ከፊቱ ላይ በየዓመቱ ኹለት ሜትር ያህል ውሃ ይመጠዋል። ይህ የሚጐድለው ውሃ በደቡብ በኩል በባብ ኤል መንደብ ካልተተካ ባሕሩ እየደረቀ በኼደ ነበር። ባብ ኤል መንደብ ከጠበበው ላይ ስፋቱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የማይሞላ በር ነው፤ ስሙም በዐረብኛ የእንባ በር ማለት ነው። በብርድ ወራት ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ቀለል ያለ ውሃ በላይ በላዩ ወደ ቀይ ባሕር ይገባል፤ ጨዉ በዝቶበት የከበደው የቀይ ባሕር ውሃ ደግሞ በዚያው በር ከሥር ከሥሩ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይወጣል። በአንድ በር አንዱ በላይ ሲገባ ሌላው በታች ይወጣል። የታጁራ ባሕር፣ እኛ የምንወርድበት፣ የዚሁ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ክንድ ነው። ከምጽዋ የተነሣች ውሃ እስከ አሸዋው ዳር ትደርሳለች ብለን መማል አንችልም፤ ከጥልቁ ወዴት እንደምትኼድ አይታይምና። ነገር ግን ከዚያ ባሕር ወደዚህ ባሕር መምጣቷ እውነት ነው።

ይህን በሦስተኛው ቀን ለእናታችን ነገርናቸው። በሩን ስሙን ስንጠራና ስንፈታላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያም «እንግዲያውስ እኔም እኼዳለሁ» አሉ፤ ሌላ አላከሉም።

በዚህ ጊዜ ያ ያማረ ወረቀታችን ኹሉ ፈረሰ። እናታችን ጣሊያን በወጣ ዓመት የተወለዱ ናቸው። ይህንንም ያወቅነው በደኅና አይደለም፤ ለፓስፖርት የልደት ቀን ሲጠየቁ «ጣሊያን ሲወጣ እናቴ በዐራስ ቤት ሳለች ነው» ብለው ስለ መለሱ፣ ጸሓፊው ደግሞ ወርና ቀን ካልተጻፈ አይኾንም ስላለ፣ ከጥቂት ክርክር በኋላ በስማቸው ታቦት ቀን ተጻፈ። የደም ብዛት አለባቸው፤ ጕልበታቸውም ደረጃ አይወድም። የእኅታችን ልጅ በሐኪም ቤት አስታማሚ ናትና፣ ነገሩን በሰማች ጊዜ ከሥራዋ በቀጥታ መጥታ ተቈጣችን። «ከደጋ አውርዳችሁ በዚያ ሙቀት ልትገድሏቸው ነው?» አለች። ቍጣዋ ስለ ጠቀመን እንወቅሳት ዘንድ አይገባም፤ የጕዞው አሳብ የተስተካከለው በርሷ ነውና።

በርሷ ምክር መጀመሪያ ወራቱን ወሰንን። በጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከበረሓ የሚነፍሰው ነፋስ ሙቀቱን ከ40 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ይዞ መውረድ ድፍረት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን አየሩ የዋህ ነው። እናታችን ጥምቀትን ከደብራቸው ውጪ አውለው አያውቁምና ጥር 11 ቀን ሳያልፍ አይነሡም። ስለዚህ የቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ኾነ። ቀኑንም እኛ ሳንኾን እርሳቸው ቈረጡት፤ የካቲት 1 ቀን ጧት ከባሕሩ አጠገብ መገኘት አለባቸው።

ቀጥሎ መንገዱ ነው። አሮጌው የምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ኾኖ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው መኾኑን አረጋውያን አንባብያን ያስታውሳሉ። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚኼደው ባቡር በ2009 ዓ.ም. በመስከረም ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ አልፎ፣ በደወሌ ድንበር ተሻግሮ፣ ከጅቡቲ ከተማ አጠገብ ነጋድ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ መኼድ ለእናታችን ይከብዳቸዋል። ደግሞም ከኹለት ሺሕ ሦስት መቶ ሜትር ከፍታ በአንድ ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል መውረድ ሰውነትን ያደናግጣል። ስለዚህ በድሬዳዋ ወርደን፣ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ኹለት ሌሊት አድረን ሙቀቱን ጥቂት ጥቂት እያለማመድናቸው ልንወርድ ነው። አስታማሚዋ የእኅታችን ልጅም አብራ ትኼዳለች፤ አትኼዱም ብላ የተቈጣችው እርሷ አሁን ሻንጣዋን ካኹላችን ቀድማ አዘጋጅታለች።

የባሕሩን ስፍራ መምረጥ ግን ከዚህ ኹሉ የሚያስቸግር ኾኖ አገኘነው። አንድ የጕዞ አሰናጅ ዘንድ ኼደን ነገሩን ብናስረዳው፣ የአራት ቀን ዝርዝር አውጥቶ አሳልንም፣ ጉቤትንም፣ ታጁራንም፣ ደሴቶቹንም ጨመረበት፤ አሮጊት እናት የሚቀመጡበት አንድ ሰዓት ስንኳ አላስገባበትም። ዝርዝሩ ከኛ ከመጀመሪያው ወረቀት ጋራ አንድ ስለ ነበር ልንሥቅበት አልቻልንም። ደሴቶቹ ጀልባ መውጣትና መውረድ አለባቸው፤ ታጁራም ባሕር መሻገር ነው። በከተማው ዳር ያለው ባሕር ውሃው ሲጐድል ርቆ ይሸሽና ጭቃውን ያሳያል። ሌላው ዳርቻ ብዙው በባሕር ውስጥ እንደ ድንጋይ የሚበቅለው ኮራል ያለበት ነው፤ እግር ይቈርጣል፣ በመካከሉም እንደ ጃርት እሾህ ያለው ፍጥረት ይገኛል። ለዚህ መላ ያገኘን መስሎን፣ ለውሃ የሚኾን የላስቲክ ጫማ በእናታችን እግር ልክ ገዝተን መጣን።

እናታችን ጫማውን በእጃቸው አገላብጠው አዩትና መልሰው ሰጡን። «ልጄ ባለበት ጫማ አድርጌ አልገባም» አሉ።

እኛ በዚህ ቃል ደነገጥን። ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ስለ ወንድማችን ሲናገሩ «ልጄ ሲመጣ» እንጂ «ልጄ ባለበት» ብለው አያውቁም ነበር። እንግዲህ አንባብያን ይታገሡን፣ ለማንም ያልተናገርነውን እዚህ ላይ መናገር ግድ ኾኖብናል። በ1984 ዓ.ም. በመስከረም፣ የወንድማችን የጦር ጓደኛ ቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር። በምጽዋ ወደብ ወንድማችን ሲወድቅ በዓይኑ ማየቱን ነገረን። እኛ ደጅ ላይ ቆመን ሰማነው፤ እናታችን በዚያን ሰሞን በጠና ታመው ነበርና ሳናስገባው አሰናበትነው። ሲድኑ እንነግራቸዋለን አልን። ዳኑ። ከዚያም ልደት ነው፣ ሠርግ ነው፣ ጾም ነው እያልን አሳለፍነው፤ መርዶ ሲዘገይ ደግሞ ለመናገር ይልቁን እየከበደ ይኼዳል። በመጨረሻ ዝም ማለቱ የቤታችን ሥርዓት ኾነ።

ያን ማታ ባለቤታችን ልጆቹን ይዘው ወደ ሌላው ክፍል ገቡና እኛ ከእናታችን ጋራ ብቻችንን ቀረን። መርዶ የሚነገረው በንጋት፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው እንደ ኾነ እናውቃለን፤ ነገር ግን ሌላ ቀን ልንጠብቅ አልደፈርንም። ነገሩን እንደ ነበረ ነገርናቸው። እስክንጨርስ ሰሙን። ከዚያም፣

«ያ ጓደኛው የመጣ ለት ዐውቄአለሁ። ከልጄ ዘንድ የመጣ ሰው ቡና ሳይጠጣ ከደጄ የሚመለስ ምን ይዞ ነው?» አሉን።

«ታዲያ እናታችን፣ ለምን ሳይጠይቁን ቀሩ?» አልናቸው።

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ» አሉ።

ብዙ አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። በማግሥቱ የንስሐ አባታቸው ተጠርተው መጡ። ፍትሐቱ ከጕዞው በፊት በደብራቸው እንዲደረግ ተነጋገሩ። የካቲት 1 ቀን የሚቀዳውን ስኒ ግን ዘንድሮ ከቤት አናስቀምጠውም፤ ጀበናው አብሮን ይወርዳል።

ጫማው ሲቀር ስፍራው በቀላሉ ተለየ፤ ባዶ እግር የሚረግጠው አሸዋ፣ መኪና የሚቀርበው፣ ውሃው በዝግታ የሚጠልቅ መኾን ነበረበት። ስለዚህ ከከተማው በስተምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ኮር አምባዶን መረጥን። በግራና በቀኙ ጥቋቍር ድንጋይ አለ፤ መካከሉ አሸዋ ነው። በሥዕሉ ሲታይ ከነጭ አሸዋ ይልቅ ያምራል የሚለው የለም። ከንጋት በፊት ደርሰን፣ ፀሐይ ሳይበረታ በሦስት ሰዓት ልንመለስ አስበናል። ታጣፊ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ የሚጠጣ ውሃ በብዛት፣ የደም ብዛቱ መድኃኒት፣ ደረቅ ነጠላ ኹለት፤ ዝርዝሩ ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ የምናውቀው የጭነት ሠራተኛ ስፍራውን ባዶ እግሩን ኼዶ እንዲያይልን ለምነነዋል፤ ሥዕል ድንጋዩን አያሳይምና።

አሳል በዚህ ጕዞ አልተጨመረም። ልጆቹ እኛ በከተማው ስናርፍ አንድ ቀን ደርሰው ይመለሱ ዘንድ ተፈቅዶላቸዋል፤ እኛ ግን ከእናታችን ጋራ እንቀራለን። ጥቂት እንደ ቈጨን ባንሰውር ይሻላል።

የቀረን አንድ ነገር አለ። የካቲት 1 ቀን ጧት በኮር አምባዶ ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ከወደቡ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ውሃው ሸሽቶ ብናገኘው እናታችን ርቀው መኼድ አይችሉምና። ስለ ወደብ ከጻፍነው ደብዳቤ ኹሉ ለራሳችን ጕዳይ የምንጽፈው ይህ የመጀመሪያው ነው። እናታችንም ትናንት ጠዋት «መልሱ መጣ?» ብለው ጠየቁን፤ ገና ደብዳቤውን አልላክነውም ነበርና፣ ዛሬ ሳንውል ሳናድር በእጃችን ልናደርሰው ነው።